የሐቢብ ዲሽ ሲወጣ

«አባታችን እኮ ከመሞቱ በፊት ተጸጽቶ ነበር» አለ ኡዘይር ሳሎን ሆኖ። እኔና እናቱ ዐዚዛ ጓዳ ቁጭ ብለን ለእንግዶቹ ምሳ ሽንኩርት እንልጣለን። በጓዳውና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ከሳሎኑ በኩል ጂፕሰም ተለጥፎበት፣ ክሬም ቀለም ተቀብቶ ግንብ ይመስላል፤ ከኛ በኩል ግን ያው የጥንቱ ጭቃ ነው፣ ሳል እንኳ ያሳልፋል። «ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ ልጄ ያንን ዲሽ ንቀልልኝ፣ ከፊቴ አጥፋልኝ፣ አላህ ፊት ምን እላለሁ ብሎ አለቀሰ» አለና ጨመረበት። ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዱ «አላህ ይዘንለት፣ በመጨረሻ ልቡ ተመለሰ» ሲል ሰማሁ። የዐዚዛን እጅ አየሁት፤ ቢላዋው ሽንኩርቱ ላይ ቆሟል። «ሐቢብ ሲሞት ኡዘይር መተማ ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «እጁን ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ። የጠየቀኝም ዲሹን ወደ ግራ ገፋ አድርጊልኝ፣ ሥዕሉ ተበላሸብኝ ብሎ ነው።»

ሐረገወይን እባላለሁ፤ አዲስ ዓለም፣ ከዐዚዛ ጋር አጥር ለአጥር ነን። እኔ ማዕተቤን ያሰርሁ ክርስቲያን ነኝ፣ እነሱ ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚሁ ጎንደር ሲነግዱ የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። የመስጊዳቸውን ጉዳይ ለነሱ ብተወው ደግ ነበር፣ አፌ ግን አያርፍም። ደግሞ ዲሹ የእኔም ጉዳይ ነው። ልጆቼ ያደጉት በሐቢብ መስኮት ሥር ነው። አሁን በየጣራው ላይ እንደተሰቀለው፣ የበግ ቆዳ እንደሚያህለው ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ የሐቢብ ዲሽ ጎጆ ቤት ይከድናል። ሥራውን ጨርሶ ከሄደ አንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ገዝቶት በጭነት ማኪና መጣ። ጓሮው መሀል ሲተከል ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። ያ የፈረንሳዩ የዓለም ዋንጫ ክረምት ነበር። ሐቢብ ቴሌቪዥኑን መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ አዙሮ አስቀመጠው፤ እስላም የለ፣ ክርስቲያን የለ፣ ጓሮው ጢም አለ። አስከፍሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፎቅ ነበረው። ጭራሽ ሻዩን ከራሱ ያፈላ ነበር፣ ደግ ሞኝ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን አብዱልባሲጥ፣ ያኔ ገና ሐጂ አልሆነም፣ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆሞ ተናገረ። «ግቢው ውስጥ የሸይጣን ጆሮ የተከለ ሰው ከኛ ሰላምታ አይጠብቅ» አለ። ኢማሙ አላሉም፣ ኪታብ አላለም፤ አብዱልባሲጥ ነው ያለው፣ ከሐቢብ ሱቅ ፊት ለፊት ያው ጨርቅ የሚሸጠው አብዱልባሲጥ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐቢብ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲል ወንዶቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ሰላምታ መንሳት ትንሽ ነገር የሚመስለው ላልተነፈገ ሰው ነው። ረመዳን ሲመጣ ዐዚዛ ለጎረቤት ሳምቡሳ ይዛ ወጥታ፣ ሳህኑን እንደ ሞላ ይዛ ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ደንበኞቹም አንድ በአንድ ወደ ፊት ለፊቱ ሱቅ ተሻገሩ። ዓመታት አለፉ፤ ትናንሾቹ ዲሾች መጡና ሰፈሩ ሁሉ በየጣራው ሰቀለ። ሐጂ አብዱልባሲጥ ራሳቸው አሁን ሁለት አላቸው፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ የሚያይ። ሰላምታውም ማንም ሳያውቀው ቀስ እያለ ተመለሰ። በድለንሃል ያለ ግን አልነበረም። ሐቢብም ያቺን ቃል እንደ ጠበቀ ሞተ፤ ጠብቄያለሁ ብሎ አይናገርም፣ ግን በጁምዓ ከመስጊድ ሲመለስ ሚስቱ ፊቱን ታነብበው ነበር።

አሁን የሰፈሩ ትንሿ መስጊድ ታድሳ፣ ምንጣፏ ገብቶ፣ ቀለሟ ተቀብቶ፣ መዋጮው ጉልላቱ ላይ ሲደርስ አለቀ። ይህ በኛም አለ፤ የኛ ሰበካ ጉባኤ ለደወል ማማ ብለን ያዋጣነውን በስብሰባ ሻይ ጨርሶት ደወሉ ዛፍ ላይ ቀርቷል። የዐዚዛ ትንሹ ልጅ ቡሽራ በያጅ ነው። አንድ ቀን ጓሮ ቆሞ ዲሹን ሲያይ፣ «ይኼ እኮ ሲገለበጥ ጉልላት ነው» አለ። ወንድሙ ኡዘይር ሰማ። ኡዘይር የመስጊድ ማሠሪያ ኮሚቴው ውስጥ ለመግባት ከተመኘ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሐጂ አብዱልባሲጥን ከነኮሚቴያቸው ምሳ ጠራ። ሊቀ መንበሩ እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል። ሐጂ ዲሹን ዞረው ዞረው አይተው፣ «ማሻአላህ፣ የአላህ ሥራ» አሉ። የሸይጣን ጆሮነቱን ማንም አላስታወሳቸውም። ዐዚዛን የጠየቃትም የለም። በጠዋት ብቻ ኡዘይር ጓዳ ብቅ ብሎ፣ «እማ፣ እንግዳ አለ፣ ለስምንት ሰው የሚሆን ምሳ» ብሏት ሄደ።

ከኮሚቴው በፊት ደግሞ ሌላ ፈላጊ መጥቶ ነበር። አያ አድማሴ ይባላሉ፤ ከማክሰኝት ወዲያ ገበሬ ናቸው፣ ጤፍና ሽምብራ እያመጡ ጨርቅ ከሐቢብ የሚገዙ የድሮ ደንበኛ። ሰላምታው በተነፈገበት ዘመን እንኳ ሱቁን አልለወጡም፤ ነገሩን ጭራሽ አልሰሙም ነበር መሰለኝ። ዲሹን ለከብቶቻቸው ውኃ ማጠጫ ፈልገው በጠዋቱ ደረሱ። «ዝናም ቢያቁር ሁለት ጥማድ በሬ አንድ ላይ ያጠጣል፣ ሸጋ ገንዳ ነው» አሉ ጠርዙን እየዳሰሱ። ዐዚዛ ልትሰጣቸው ልቧ ከጅሎ ነበር። እንግዶቹ ሲመጡ ግን ኡዘይር ጓሮ አስቀምጧቸው ገባ፤ እሳቸውም ማገዶው ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መልስ መጠበቅ ያዙ።

ምሳው ደረሰና ትሪውን እኔና ዐዚዛ ተጋግዘን አስገባን። ሥጋቸውን አልበላም እንጂ ትሪውን ተሸክሜ ወሬ መስማት በሃይማኖቴ አልተከለከልሁም። ሳሎኑን ኡዘይር በቅርቡ ነው ያሳመረው፤ ከሶፋው ላይ ላስቲኩ ገና አልተነሣም፣ ሰው ሲቀመጥ ይንጫጫል። ግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ አንዲት ሴት ስለ ዘይት ታወራለች። የሐቢብ ፎቶ የለም፤ ወርዶ በቦታው ቴሌቪዥኑ ነው የተሰቀለው። ዐዚዛ ትሪውን አስቀመጠች፣ እጇን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ እንደ ሌላ ጊዜ ግን አልወጣችም። «ሐጂ» አለች። «ዲሹን ውሰዱ። ለአላህ ቤት ምን ይሰሰታል። ሐቢብ ግን አልተጸጸተም፤ የሚጸጸትበት ነገር አልነበረውም። እርስዎ ያኔ መስጊዱ በር ላይ ቆመው ተናግረዋል። ሰው በተሰበሰበበት ቆመው፣ ሐቢብን በድዬዋለሁ ይበሉልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ሶፋው እንኳ ዝም አለ። ኡዘይር እንደ በርበሬ ቀላ። ሐጂ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩና፣ «ያኔ የተናገርሁት ለዲን ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ኮሚቴው መመካከር ያዘ። አንዱ፣ ስሙን በዕብነ በረድ አጽፈን በሩ ላይ እንለጥፍ አለ። ሌላው፣ አንድ ሙሉ ጁምዓ ዱዓ ይደረግለት አለ። ሦስተኛው፣ በግ ታርዶ ሰደቃ ይውጣለት፣ በጉን እኔ እችላለሁ አለ። ለሐቢብ ያልፈቀዱለት ነገር አልነበረም፣ ከዚያች አንድ ቃል በቀር። ዐዚዛ ለሁሉም አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። በመጨረሻ ሐጂ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «ለመሆኑ ኳስ ሲታይበት የኖረ ዕቃ ከሰጋጅ ራስ በላይ መውጣቱ እንዴት ነው፣ ይኼን አይታችሁታል?» አሉ። ይኼኔ ሁሉም አሰቡበት። አንዱ እንዲያውም ዘፈንም ይታይበት ነበር አለ፤ እሱ ራሱ ያኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲያጨበጭብ አስታውሰዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዲሹ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ የሸይጣን ሆነ።

ኡዘይር ይህን ሲያይ ተነሣ። በእናቱ በኩል አልፎ ሐጂ ፊት ተንበረከከና ትከሻቸውን ሳመ። «አውፍ በሏት ሐጂ» አለ፣ ይቅር በሏት ማለቱ ነው። «ሴት ናት፣ ሐዘኑ ገና አልወጣላትም፣ የምትናገረውን አታውቅም።» ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ዐዚዛ ዘርግተው፣ «አውፍ ብያታለሁ» አሉ። ኮሚቴው «አላህ ይቀበል» አለ። ዲሹም ወዲያው ጸዳ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣቶቹ መጥተው ያነሡታል ተባለና ወደ ሩዙ ተመለሱ። እኔ በቁሜ ተቃጠልሁ። ዐዚዛ የውኃውን ጆግ አንሥታ ወጣች፣ እኔም ተከተልኋት። ጓዳ ደርሳ ተልጦ የተረፈውን ሽንኩርት አንድ በአንድ ከሣህን ወደ ሣህን ስታገላብጥ ቆየችና፣ «ሐረግ፣ ሐቢብ ዛሬ ነው የሞተብኝ» አለችኝ። በጓሮ በኩል አያ አድማሴ፣ «ምነው፣ እሰጥም አልሰጥም የሚል ጠፋሳ» ሲሉ ይሰማል።

ከዐስር በኋላ ግቢው እንደ ዓለም ዋንጫው ጊዜ ሞላ። ቡሽራ በመቁረጫ ማሽኑ የዲሹን ምሰሶ ሲበላው ብልጭታው ዶሮዎቹን ወደኔ ግቢ አባረራቸው። ከዚያ ወጣቶቹም የኮሚቴው ሰዎችም ዲሹን ገለበጡት፣ ዙሪያውን ከውስጥ ይዘው አነሡት፤ ጠርዙ ደረታቸው ላይ ሲደርስ ጭንቅላታቸው ሁሉ ከጉልላቱ ሥር ገባ፣ የሚታየን እግር ብቻ ሆነ። አያ አድማሴም፣ «እንግዲህ ከብት ካልጠጣበት ሰው ይስገድበት» ብለው በትራቸውን ጥለው ሥሩ ገቡ። ኡዘይርም ገባ። መንገድ ላይ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ልጆች ይጋፋሉ። በዚህ መሀል አንዱ በሞባይል ፎቶ ሊያነሣ ሲዘጋጅ ሐጂ አዩት። ከወደ ፊት ያለውን አንድ ወጣት በክርን ገፋ አድርገው፣ ጠርዙን ጨብጠው ለካሜራው ፈገግ አሉ። ፎቶው ሲያበቃ ሊወጡ ቢሉ ገፋ ያደረጉት ልጅ ቦታውን ለሳቸው ትቶ ሄዷል፤ እሳቸው ከለቀቁ ደግሞ ያ ጎን ይወድቃል። እሳቸውም እንደ ሰዉ ራሳቸውን አስገብተው ቆሙ።

ጉዱ የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ነው። ዲሹ በበሩ አያልፍም። ቢያጋድሙት አያልፍም፣ ቢያቆሙት የበሩ ሲሚንቶ ይመልሰዋል። ቡሽራ ለክቶ፣ «ከቆረጥሁት ቅርጹን ይለቃል፣ ጉልላት መሆኑ ይቀራል» አለ። ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ግቢው ሰው ነው፣ እንዳያወርዱት ሥሩ ማገዶና የዶሮ ቤት ነው። እንዴት ገባ ታዲያ የሚል ጥያቄ ተነሣ። የገባ ጊዜ ይኼ የግቢው ግንብ አልነበረማ። አጥሩ ቅንጭብ ነበር፣ ጫፉን ከርክመው በላዩ አሳለፉት። ግንቡን ሐቢብ የሠራው ሰላምታ ሲነሱት ነው፤ መንገድ ላይ የሚያልፉት ጎረቤቶቹ ወደ ግቢው ሲደርሱ ፊታቸውን ሲያዞሩ ላለማየት። ለግንበኛው ረዳት እንኳ አልቀጠረም፣ ድንጋዩን ራሱ እያቀበለ ነው ያስገነባው። ቡሽራ ግን ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም፤ ግንቡን ሊያፈርስ ትልቁን መዶሻ ይዞ መጣ። ግንቡ ሥር ሲደርስ ዐዚዛ በርጩማ አምጥታ፣ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ተቀምጣለች።

«እማ፣ ተነሽ» አላት።

«ዲሹን ልጆቼ ሰጥተዋል፣ ይሁን» አለች። «ግቢው ግን በኔ ስም ነው። ግንቡን አባትህ የሠራው በሐጂ ቃል የተነሣ ነው። ሐጂ ቃላቸውን ያንሡ፣ እኔም ከግንቡ እነሣለሁ።»

ከዲሹ ሥር የሐጂ ድምፅ እንደ ጉድጓድ ውኃ ጎርነን ብሎ ወጣ። «ዐዚዛ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።» እሷ ጉልበቷ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈች። «እማ፣ አታዋርጅን» አለ ኡዘይር፣ እሱም ከሥሩ። ዲሹ በአንድ ወገን ዘንበል አለ፣ ተቃና። ውጭ ያለው ሰው እልልታውን አቁሞ ጆሮውን ወደ ግንቡ ሰጠ። በመጨረሻ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰው ነኝና ያጠፋሁት ካለ…» ብለው ጀመሩ። «ካለ የለም» አለች ዐዚዛ። «ሳላውቅ ሐቢብን አስቀይሜው ከሆነ…» «ከሆነም የለም። እያወቁ ነው።» እግራቸው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ተንቀሳቀሰ፤ ሌሎቹ እግሮችም አብረው ተንቀሳቀሱ። «ሐቢብን በድዬዋለሁ» አሉ ሐጂ በጣም ቀስ ብለው። ዐዚዛ ራሷን ወደ ድንጋዩ መለስ አደረገች። «ከግንቡ ማዶ አልተሰማም» አለች። ያኔ ሐጂ አብዱልባሲጥ መስጊዱ በር ላይ በተናገሩበት በዚያው ድምፅ፣ «ሐቢብን በድዬዋለሁ። እሱ ንጹሕ ነበር፣ እኔ ነኝ የበደልሁት» አሉ። ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰበረ፤ ከክብደቱ ይሁን ከሌላ ነገር እኔ አላውቅም፣ አልፈርድባቸውም።

ነገሩ እዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። በግራ በኩል ግን ከአንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ በላይ፣ «እኔም በድዬዋለሁ» የሚል ድምፅ ወጣ። ከጎኑ ያለው የላስቲክ ጫማ፣ «እኔም» አለ። «እኔም ሰላምታዬን ነስቼዋለሁ።» ያ ያጨበጭብ የነበረውም አለ። አያ አድማሴ ግራ ገብቷቸው፣ «እኔስ ሐቢብን አልበደልሁም፣ ሸጋ ሰው ነበር፤ ክንዴ ግን ዛለ፣ ቶሎ በሉ» አሉ። ከውጭ ሰው ሳቀ፣ እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ። ዐዚዛ አልሳቀችም። እሷ የምታየው ከኋላ በኩል ያሉትን የተወለወሉ ጥቁር ጫማዎች ነው። ጫማዎቹ ቆይተው ቆይተው፣ «እማ» አሉ። ድምፁ የነጋዴው የኡዘይር አልነበረም፣ የልጅነቱ ነበር። «አባባ አልተጸጸተም። ያን ጊዜ እኔ መተማ ነበርሁ። ተማሪ ሳለሁም፣ ልጆቹ የሸይጣን ጆሮ ልጅ ሲሉኝ፣ በሱቁ በር ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ እሄድ ነበር። አይቶኛል። አንድ ቀን ስዞር አይቶኛል።»

ዐዚዛ ከበርጩማው ተነሣች። እውነቱን ልናገር፣ በጥፊ ትለዋለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ጎንበስ ብላ በጠርዙ በኩል ከዲሹ ሥር ገባች። ከዚያ በኋላ ያየሁት እግር ነው፤ የሷ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ከተወለወሉት ጥቁር ጫማዎች ፊት ለፊት ቆሟል። የሆነ ነገር አለችው፣ እሱም የሆነ ነገር መለሰላት። ከውስጥ ያሉት ወንዶች አንዳቸውም እስከ ዛሬ አልነገሩንም፤ አያ አድማሴን ማክሰኝት ገበያ ድረስ ሄጄ ብጠይቃቸው፣ «የእናትና የልጅ ነገር ነው» ብለው ሽምብራቸውን መስፈር ቀጠሉ። ስትወጣ ፊቷ ርሶ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ነበር። በርጩማውን አንሥታ ለኔ አቀበለችኝና ወደ ቡሽራ ዞረች።

«በል ግንቡን ምታው» አለችው፣ «ወንድምህ ደክሞታል።»